ደማቸው ቀድሞ ሄደ

ሣጥኑ በሚያዝያ መጣ። በበር አልገባም አለ፤
በበረንዳው በኩል በገመድ ተሳበ፣ ወይኑን እየጣለ።
ሩሱዳን መዝጊያውን በመፍቻ ነቀለች፣
የሥራ ሹራቤን፣ ዘይት የጠጣውን፣ ከውስጡ አነጠፈች።
“ይልመዱት” አለችኝ፣ “ቤታችን ነው እስኪሉት፣
እስኪያንኮራፉበት፣ እስኪጣሉበት።”

ጭረላ፣ ቡችላዋ፣ በቁራጭ አይብ ነፍሷን ሸጠች፤
ገባች፣ ወጣች፣ ገባች፣ አይቡ ሲያልቅ ዞራ ሌላ ጠየቀች።
ቶላ ግን፣ ሽማግሌው፣
ከኩታይሲ ገበያ በር ያነሣነው፣
ቢጫ የማዘጋጃ ቤት ምልክት ጆሮው ላይ የተሰፋበት፣
ሣጥኑን ዞሮ አሸተተና እግሩን አንሥቶ ሸናበት።

ሐኪሙ ቴንጊዝ ከማጅራታቸው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ ቀበረ፤
መሣሪያውን ሲያስጠጋው ጢጥ ብሎ ተናገረ፦
ዐሥራ አምስት አኃዝ። “ከእንግዲህ ይኸ ነው ስማቸው።”
ጭራ የቆላ የለም ቁጥሩን ሲያነብላቸው።
ክትባቱም አለቀ። ደም ቀዳ በሁለት ብልቃጥ፣
በበረዶ ሸፍኖ አሸገው፣ ሰው እንደሚያሽግ ጌጥ።

ደማቸው ቀድሟቸው ሄደ፤
ያለ ማሰሪያ፣ ያለ ሣጥን፣ ድንበር ተራመደ።
እነሱ እዚህ ሪዮኒ ዳር ዝይ ሲያባርሩ ዋሉ።
ወረቀቱ መጣ፦ “ደሙ ጥሩ ነው። ግን ይቆዩ” አሉ።

መቶ ሰማንያ ቀን!
ለኔ ቪዛውን በዘጠኝ ቀን ሰጡኝ፣
ጥርሴን ሳይቆጥሩ፣ ደሜን ሳይቀዱ፣ ማጅራቴን ሳይነኩኝ፤
እብድ መሆን አለመሆኔን እንኳ ማንም አልጠየቀኝ።

ልጃችን ነስታን ሳፖሮ ናት፣ ነፍሰ ጡር፤ በስልክ ሳምንት ትቆጥራለች፤
እናቷ በጓዳው መቃን ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በእርሳስ ታሰምራለች።
የጽንሱ ወር ከውሾቹ ቀን ጋር ተፎካከረ፤
ማን ይቀድማል ብሎ ሠፈሩ በሙሉ ተከራከረ።
ጎረቤታችን ዩዛ አጥር ተደግፎ ሱፍ እየፈለፈለ
“ጃፓን ውሻ ጠፋ? ከዚያው አትገዙም?” አለ።
ሩሱዳን መልስ አልሰጠችውም።
ሳምንት ሙሉ ግን እንቁላል አላበደረችውም።

በሐምሌ ጭረላ እዚያው ማደር ጀመረች። ቶላ እንቢ።
አይብ አልሆነም፣ ጉበት አልሆነም፣ ቁጣም አልሆነም።

አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ፣
የማድ ቤቱን መብራት አብርቼ፣
ሚስቴን አገኘኋት፣
ስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ወገቧ የሚያማት፣
ጉልበቷን አቅፋ፣ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ፣
በሹራቤ ላይ ተጠቅልላ ተኝታ።
ቶላ ከደጅ ቆሟል አፍንጫውን ከጣቷ አስጠግቶ።
“ዝም በል” አለችኝ፣ “ሊገባ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ ፈርቶ።”

ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም። መብራቱን አጠፋሁ፣
በቀዝቃዛው ወለል፣ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ቁጭ አልሁ።
በጨለማ ውስጥ ትንፋሽ ከትንፋሽ ለየሁ፤
የውሻው እኩል ነው፤ የሷ ግን መሐል ላይ ሲሰበር ሰማሁ።
ማንን እያለማመደች እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በጥቅምት መጨረሻ መዝጊያው ተመለሰ፤
ብሎኑ ጠበቀ፣ የውሃው ጣሳ ታሰረ፣ ቀዩ ማህተም ደረሰ።
ልጁ በአራት ቀን ቀደማቸው፤ ዩዛ ውርርዱን በላ፣
ባሸነፈው ገንዘብ ጉበት ገዝቶ መጣ፣ ለጭረላ፣ ለቶላ።
ቶላ ማንም ሳይጠራው ገባ። አንዴ ዞረ፣ ተኛ።
መዝጊያውን ለመግፋት የዘገየነው እኛ።

አሁን ዩዛ ይደውላል፦
የእርሳሱ መስመር ከመቃኑ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤
ቤቱን የገዛው ሰው፣ የልጅ ቁመት መስሎት፣
ቀለም ሳይቀባው ትቷል።